የከድርን ክኒን ያስጣለው ግማሽ ገጽ

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ቧንቧ ለመዘርጋት ብቻ ነው። ይህን ስናገር የሚያፍርልኝ ካለ ለራሱ ይፈር፤ እኔ እኮራበታለሁ። ፊደል የለየሁት ስኳርና ሻይ ቅጠል ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከውሃ ፓምፕ መመሪያዎችና ሽፋኑ ከወደቀ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ሠላሳ ዓመት ሐዋሳ ውስጥ ቧንቧ ስቀጥል ኖሬ፣ ዲግሪ ያላቸው መሐንዲሶች መንገዱን ቆፍረው የሚያጡትን ፍሳሽ እኔ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጥፌ አገኘው ነበር። ከባህል አዳራሽ እስከ ሐይቅ ዳር ውሃ የጠጣ ሰው ሁሉ፣ ውሃው ጉሮሮው ከመድረሱ በፊት በእኔ እጅ አልፏል።

ይህን የምዘረዝረው ለጉራ ብቻ አይደለም። ስለ ግፊትና ስለ ቧንቧ ከማንም የተሻለ የማውቅ ሰው እንደነበርኩ አስቀድማችሁ ያዙልኝ። የምነግራችሁ ነገር እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ስላደረግኩት ነው።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነበር። ባጃጅ ከተማውን ያጥለቀለቀበት፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር እየተዘጋ ግምገማ የሚቀመጡበት ዘመን ነው። እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለችው የከድር ሱቅ እሄዳለሁ። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቁን ሲከፍት ቧንቧ ካስገባሁለት ቀን ጀምሮ ወዳጄ ነው። አሮጌ መጽሔትና ደብተር በኪሎ ይገዛል፤ ከዚያ ቁልሉን እንዳለ ሚዛኑ ጎን አስቀምጦ በትልቅ ቢላ መሐል ለመሐል ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ግማሽ ገጽ እንደ ቀንድ ይጠቀለልና ምስር፣ ስኳር ወይም ጨው ይሞላበታል። እኔ ደግሞ ወረቀቱ ምስር ከመሸከሙ በፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። ያነበብኩትን ለከድር አወራለታለሁ። ዩኒቨርሲቲዬ ያ ሱቅ ነበር።

"ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ምስሩ ምን ይላል?" ይለኛል ከድር ገና ከበሩ ሳልገባ።

ሁለታችንም የደም ግፊት አለብን። አንድ ጤና ጣቢያ እንታያለን፤ የምንውጠውም ክኒን አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ጠዋት ከግማሽ ገጾቹ መካከል የእንግሊዝኛ የጤና መጽሔት ቁራጭ አገኘሁ። ርዕሱ ጥያቄ ነበር፦ የደም ግፊት መድኃኒቶች በደም ቧንቧ ሕዋሳት እርጅና ላይ ምን ያደርጋሉ? ደነገጥኩ። ቤቴ ሮጬ መዝገበ ቃላቴን አመጣሁ። የደም ቧንቧ ከውስጥ በኩል በስስ የሕዋሳት ንጣፍ እንደተለበጠ፣ ሕዋሳቱም እንደ ሰው እንደሚያረጁ፣ ያረጀ ሕዋስ ሥራውን አቁሞ አጠገቡ ያሉትን ሁሉ እንደሚያውክ ይተርካል። ቀጥሎ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት ይህን እርጅና ያፋጥነው ይሆን ብለው የሚሰጉ እንዳሉ ይናገራል። እዚያ ላይ ወረቀቱ ያልቃል። የከድር ቢላ አልፎበታል።

"ፕሮፌሰር፣ ፊትህ ጠቆረ። ምስሩ ምን አለ?"

"የምንውጠው ክኒን የደም ቧንቧችንን ሳያስረጀው አይቀርም ይላል።"

"እኔ ላይ ከዚህ በላይ የሚያረጅ ነገር አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "ቀሪውስ?"

"ቀሪውን አንተ ነህ የቀደድከው።"

ቁልሉን አንድ በአንድ ገለጥን። የለም። ከድር እጁን አራግፎ፣ "ከጠዋት ጀምሮ ስሸጥ ነበር። የማን ቤት ምስር እንደጠቀለለ አላህ ይወቀው" አለ።

በዚያው ሳምንት የክትትል ቀኔ ነበር። ኮቴን ለብሼ፣ ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከትቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ወጣት ባለሙያ ቀና ብሎም አላየኝ። ካርዴ ላይ እየጻፈ ነው።

"ልጄ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።"

"አባባ፣ ወረፋ አለ።"

"ወረፋዬን ጠብቄ ነው የገባሁት። ይህ ክኒን የደም ቧንቧ ሕዋሳትን ያስረጃል ወይስ አያስረጅም?"

ያን ጊዜ ቀና አለ። አየኝ። ከዚያም አጠገቡ ወዳለችው ባልደረባው ዞሮ፣ "ስሚ፣ አባባ ሳይንቲስት ሆነው መጡልሽ!" አለ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወረቀቴን ሳወጣ አልነካትም።

"አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሳያረጅ የቀረዎት ነገር ምንድን ነው? ዝም ብለው ይዋጡ። ይሄ ለእርስዎ አይገባዎትም።"

ለእኔ! ለእኔ አይገባኝም! ያ ልጅ ጠዋት ፊቱን የታጠበበት ውሃ እኔ በቀጠልኩት ቧንቧ ነው የመጣለት። "አባባ፣ አላውቅም" ቢለኝ ኖሮ ግንባሩን ስሜው እወጣ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ አለማወቁ አይደለም። ወረቀቷን አለመንካቱ ነው።

ከዚያ እንደ ፈላ ድስት እየተንተከተክሁ ከድር ሱቅ ደረስኩ።

"ምን አሉህ?"

"መልስ የላቸውም። ቢኖራቸው ይሰጡኝ ነበር። የደበቁን ነገር አለ።"

"እንግዲህ ምን ይሻላል?"

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በእጄ ያለው ግማሽ ገጽ ነው። አፌ ላይ ያለው ደግሞ የዚያ ልጅ ስድብ ነው። ሁለቱን ደባለቅሁና ፍርድ ሰጠሁ።

"ማቆም ነው" አልኩት። "ለግፊት ይበጃል የሚሉትን የሽፈራው ቅጠል እያፈላን እንጠጣለን።"

ከድር ሚዛኑን እያየ ትንሽ አሰበ። "አንተ ካቆምክ እኔም አቆማለሁ። ወላሂ፣ ከዚያ ልጅ አንተን አምናለሁ" አለኝ። ወረቀቷን ከእጄ ወስዶ ክኒኖቹን ጠቀለለባትና ሚዛኑ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተታት።

ማታ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ለአስቴር ውሳኔዬን አስታወቅኋት። አስቴር ብዙ አትናገርም። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውሃና ክኒኑን ይዛ ፊቴ ቆመች።

"ዋጥ።"

"አስቴር፣ አንቺ አይገባሽም፤ ሕዋሳቱ..."

"ሕዋሳቱን ለጌታ ተዋቸው። ዋጥ።" ዋጥኩ። "ምላስህን አውጣ።" አወጣሁ። ከምላሴ ሥር ሳይቀር አየችና ሄደች። በማግሥቱም እንዲሁ። በየቀኑ እንዲሁ።

ለከድር ግን አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ? ሐዋሳን ውሃ ያጠጣሁ ሰው፣ ሚስቴ ምላሴን እያስወጣች ታስውጠኛለች ልበለው? በርጩማዬ ላይ ስቀመጥ፣ "እንዴት ነህ ያለ ክኒን?" ይለኛል። "ወጣት ሆኛለሁ!" እለዋለሁ። "እኔም ቀለል ብሎኛል" ይላል። የሽፈራው ሻይ ያቀርብልኛል፤ እጠጣለሁ። ይህ ለሳምንታት ቀጠለ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከድር ለአንዲት ደንበኛ ምስር እየመዘነ ነበር። ወረቀቱን ጠቅልሎ ምስሩን ሊሞላ ሲል ጥቅሉ ከቀኝ እጁ አመለጠ። ምስሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከድር ምስሩን አላየም፤ እጁን ነው ያየው። የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ አድርጎ አየው።

"ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ?" አልኩት እየሳቅሁ።

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። የወጣው ቃል አልነበረም፤ የረጠበ ድምፅ ነበር። የፊቱ አንድ ጎን ወደ ታች ተንሸራተተ። ደንበኛዋ ጮኸች። ከወንበሩ ሳይወድቅ ደረስኩበት፤ ሸክሙ ያው የማውቀው ከድር ነው፤ ግን ግማሹ የከበደ፣ ግማሹ የሌለ መሰለኝ።

ከከተማው ዳር ከቱላ የመጣ፣ ጢሙን ያሳደገ ነጂ ባጃጁን ሱቁ ፊት አቁሞ ነበር። አንድም ቃል ሳይጠይቅ ከድርን በእግሩ በኩል ያዘልኝ። ተሸክመን አስገባነው።

"ጋሼ፣ ሆስፒታል ነው?"

"ጤና ጣቢያው ይቀርባል፤ እዚያ!" አልኩት። በዚህም ተሳሳትኩ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ጥበቃው ዱላውን አግድሞ ቆመ። "ሁሉም ግምገማ ላይ ናቸው።"

"ሰው እየሞተ ነው!"

"አባባ፣ ማቋረጥ አይፈቀድም።"

"ምን ቢገመግሙ ነው?"

"የተገልጋይ እርካታ" አለኝ፤ እያሾፈ አልነበረም።

እዚያ ላይ የሆንኩትን መሆን ለሌላ ሰው አልመኝም። ጥበቃውን ገፍቼ አለፍኩ፤ የስብሰባውን መስኮት በመዳፌ ደበደብኩት። ውስጥ ያሉት ዞር አሉ። ተነሥቶ የወጣው ያው ልጅ ነው።

"አባባ፣ ደግሞ ዛሬ ምን..." ብሎ ጀመረ። ከዚያ ባጃጁ ውስጥ ያለውን ከድርን አየ። ሮጦ ዓይኑን ገልጦ አየው፤ እጁን አነሣው፤ እጁ ተመልሶ ወደቀ። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። "እዚህ ምንም ልናደርግለት አንችልም። ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት። ደውዬ እነግራቸዋለሁ።"

ባጃጁ በሐዋሳ ጎዳና እንዲያ ሲበር አይቼ አላውቅም። ነጂው በአንድ እጁ ይነዳል፤ በሌላው ስልክ ይዞ ሆስፒታል በር ላይ ለሚሠራ ዘመዱ በሲዳምኛ ይጮኻል። ከድር ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። "ከድር፣ ደርሰናል" እለዋለሁ። ገና አልደረስንም ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ በሩ ክፍት፣ አልጋውም ዝግጁ ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም ግፊቱን ለካች። ቁጥሩን ለነርሷ በሹክሹክታ ነገረቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"የግፊት ታማሚ ናቸው?"

"አዎ።"

"መድኃኒት ይወስዳሉ?"

 የፈነዳ ዋና መስመር ያለ መፍቻ የዘጋሁ ሰው፣ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

"አባቴ፣ እየጠየቅሁዎት ነው። ይወስዳሉ ወይስ አይወስዱም?"

"አቁሟል" አልኩ።

በዚህ መሐል የከድር ልጅ ሰሚራ እያለቀሰች ደረሰች። መድኃኒቱን አምጪ ብዬ በስልክ ነግሬያት መሳቢያውን ገልብጣ የመጣችው ያችኑ ጥቅል ነው። ሐኪሟ ፈታችው። ክኒኖቹ ሳይነኩ ተደርድረዋል። ከዚያ ዓይኗ ወረቀቷ ላይ አረፈ። ቆማ አነበበቻት። ያ ልጅ ያልነካትን ወረቀት እሷ ከዳር እስከ ዳር አነበበቻት።

"ይህን ማን ሰጣቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ይህ እኮ ጥያቄው ነው" አለችኝ። "መልሱ የት አለ?"

"ምስር ተጠቅልሎበት ተሸጧል።"

አልሳቀችም። ከድርን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት መመሪያ ሰጠች፤ የሚደረገውን ሁሉ አደረገች። ከብዙ ሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወደተቀመጥኩበት መጣችና ከጎኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"በሕይወት ይቆያሉ ብዬ አስባለሁ" አለች። "ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል።" ከዚያ ወረቀቷን ዘረጋች። "አሁን የጎደለውን ልንገርዎት። ይህ ነገር ገና እየተጠና ያለ ነው፤ ብዙው በላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት የሕዋሱን እርጅና የሚያዘገይ ይመስላል፤ ስለ ሌላው ገና አልተቋጨም። ሰው አካል ውስጥ እንዴት እንደሚሆን እኛም በእርግጠኝነት አናውቅም። በእርግጥ የምናውቀው ግን፣ ግፊቱ ራሱ ቧንቧውን እንደሚያስረጀው ነው። ሥራዎ ምን ነበር?"

"ቧንቧ ሠራተኛ።"

"እንግዲያው ለእርስዎ እኔ መንገር አልነበረብኝም። ግፊት የበዛበት መስመር ምን ይሆናል?"

"መጀመሪያ ይደክማል" አልኳት። "ከዚያ በደከመው በኩል ይፈነዳል፤ ወይም የተላጠው ዝገት ሄዶ ይዘጋዋል።"

"ግፊቱን የሚቀንሰው ቫልቭ ዝጎ ይሆናል ብሎ የሰጋ ሰው ቫልቩን ነቅሎ ይጥላል?"

 ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠራተኞቼን የተቆጣሁበትን ስሕተት በወዳጄ ላይ ሠርቼዋለሁ። ሰዓቴን አየሁ። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሦስት ደቂቃ! ከከድር ቀኝ እጅ ጋር የተመዘነው ሦስት ደቂቃ ነው።

በማግሥቱ ከድር ነቅቶ ነበር። አልጋው አጠገብ ስቆም ደኅናው ግራ እጁ ተነሣ። ሐኪሟን ጠቆማት፤ ከዚያ እኔን ጠቆመኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣቸው።

"እሱም... ትቷል። እሱንም... እዩት።"

ሞት ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ለእኔ ነበር የሚጨነቀው። ሰሚራ፣ "አባባ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ነው ሊለን የፈለገው" አለች።

"ልክ ነው፤ ይቀመጡ" አለች ሐኪሟ።

"ግዴለም፣ እኔ..."

"ይቀመጡ።"

የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠመጠመችው። ከድር ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። አየሩ ቀስ እያለ ወጣ። ሐኪሟ ቁጥሩን አይታ ግራ ተጋባች፤ ደግማ ለካች።

"የእርስዎ ግፊት በጣም ጥሩ ነው" አለች። "መድኃኒቱን አላቆሙም ማለት ነው?"

በሕይወቴ ብዙ ግፊት መለኪያ አንብቤአለሁ፤ አንዱንም ዋሽቶ አላገኘሁትም። "ሚስቴ ታስውጠኛለች" አልኩ። "አንድም ቀን አላቆምኩም።"

ከድር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። አልጋ ላይ በቆየባቸው ቀናት ሁሉ እየሄድኩ ተቀመጥኩ፤ አንድም ጊዜ አልዞረልኝም።

በእነዚያው ቀናት ንዴቴን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀባት" አልኩት። "አንተ ለሦስት ደቂቃ ሰሰትክ። የወረፋ መሳቂያ አደረግኸኝ። ሰው ሲጠይቅህ ክብርህ ይነካል?"

አንገቱን ደፋ። "አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላውቅም አላልከኝም?"

"ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። አፈርኩ።"

ልጮኽበት የተዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱም ያ ልጅ የነገረኝ የእኔን ታሪክ ነው። ይቅር አልኩት ማለቴ አይደለም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ዝም ብሎ ይዋጥ የሚል አሠራር ዛሬም ያናድደኛል፤ የሚጠይቀውን ሰው ካርድ ብቻ አድርጎ የሚያይ ዓይን ዛሬም ያናድደኛል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዴቴ ሁለት ሰው ላይ ነው፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ ጠይቁ። ካልመለሱላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ወረቀታችሁን የሚያነብ ሰው እስክታገኙ ሐኪም ለውጡ። የምትውጡትን ግን ግማሽ ገጽ አይታችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ያለ አዋቂ ነግሯችሁ አትጣሉ። እኔ አሁንም ብዙ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያን አልክድም። የማላውቀውን ለይቼ መናገር የተማርኩት ግን በወዳጄ እጅ ነው፤ ያ እጅ ዛሬም ጥቅል አይጠቀልልም።

ከድር ሱቁን ዳግም ሲከፍት ሄድኩ። ጥቅሉን የምትሠራው ሰሚራ ናት። ቢላዋ የለችም፤ ገጾቹ ሙሉ ናቸው፤ ጥቅሎቹም ትልልቅ። በርጩማዬ ቦታዋ ላይ አለች። ቆሜ ቀረሁ። ከድር ለረጅም ጊዜ አየኝ።

"ፕሮ... ፌሰር" አለ በመጨረሻ። "ምስሩ... ምን ይላል?"

የላይኛውን ወረቀት አነሣሁ። ስለ ንብ የተጻፈ ነገር ነው፤ የማላውቃቸው ቃላት በዝተውበታል። "አላውቅም" አልኩት። ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ፤ ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምታው አታውቅም።

ከድር በግራ እጁ መሳቢያውን ከፈተ። ሁለት ክኒን አወጣ፤ አንዱን ለእኔ አንዱን ለራሱ፤ ውሃም ቀዳ። ሊውጥ መስሎኝ ጠበቅኩት። አልዋጠም።

"መጀመሪያ... አንተ።"

የዚያን ቀን አስቴር ጠዋት አስውጣኝ ነበር። ይህንንም ነገርኩት፤ ደግሜ አልዋጥኩም። ያልኩትን ግን ከእንግዲህ በቃሌ ብቻ የሚያምንበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ከአስቴር ጋር ተነጋግረን ክኒኔን ወደ ሱቁ አዛወርነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ቆሞ እያየ፣ እኔ ቀድሜ እውጣለሁ።

"ምላስህን... አውጣ" ይላል ከድር።

አወጣለሁ። ከምላሴ ሥር ሳይቀር ያያል። ከዚያ የራሱን ይውጣል።